እባብ መብላት ሲያቆም፦ ከግሽ ዓባይ እስከ ደቡብ ምዕራብ የቡና ደን

እባብ በሰው እጅ ሲገባ አስቀድሞ የሚተወው መብላትን ነው። ጥግ ይዞ ይጠቀለላል፤ ውኃ ሊቀምስ ይችላል፤ የቀረበለትን ሥጋ ግን ዞር ብሎም አያየውም። እምቢታው ቀናት ብቻ ሳይሆን ሳምንታትና ወራት ሊዘልቅ ይችላል። በኢትዮጵያ ይህ እምቢታ በሁለት እጅግ የተራራቁ መንገዶች ተተርጉሟል። አንደኛው በዓባይ ምንጭ አካባቢ ከነበረው የአገው ልማድ የመጣ ሲሆን፣ የእባቡ አለመብላት ለሰው የተላከ መልእክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ከደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር፣ ከኢሉባቦር እስከ ከፋ፣ ከሸካ እስከ ቤንች ድረስ ከተዘረጋው ደን ከወጣ አንድ እፉኝት ጋር የተያያዘ ነው። ዕድሜው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የሆነው ይህ ሁለተኛ ታሪክ እንዳሳየው፣ አለመብላቱ የሚናገረው ስለ ሰው ዕጣ ሳይሆን እባቡ ስለተነቀለበት አገር ነው።

ስለ መጀመሪያው ልማድ በጽሑፍ የቀረው ምስክርነት የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1770 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዓባይ ምንጭ ሲወርድ በመንገዱ የዳሞትንና የአገውን ምድር ይገዛ ከነበረው ከፋሲል ጋር ተገናኘ። ፋሲል የትግራዩ ገዥ የራስ ሚካኤል ስሑል ተቀናቃኝ የነበረ፣ ብዙ ጦር የሚያዝ፣ የጎንደሩ ንጉሥም ሆነ ራስ ሚካኤል ሊንቁት ያልቻሉ ሰው ነበር። ብሩስ በኖቬምበር 4 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ምንጩ ካለበት ከግሽ ደረሰ። እዚያ ስላየውና ስለሰማው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ በሰፊው ጽፏል።

ብሩስ እንደሚለው በዚያ አገር ሰዎች እባብን በቤታቸው ያኖሩ ነበር። መንገድ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ሌላ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ፣ እባቡ ከተደበቀበት ይወጣና ወተትና ቅቤ ይቀርብለታል። ከበላ ገዱ ቀና ማለት ነው፤ ካልበላ ክፉ ነገር ቀርቧል። ጠላት ሊወር ሲል ደግሞ እባቦቹ ከነአካቴው ይሰወራሉ፣ ተፈልገውም አይገኙም ይባል ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ የሚደንቀው ስለ ፋሲል ራሱ የጻፈው ነው። ፋሲል በእጁ የሚያኖረው እባብ ነበረው፤ እባቡ መብላት እምቢ ካለ ፈረስ አይጭንም፣ ከቤቱም አይወጣም ነበር ተብሏል። ብሩስ ይህን ያየው በዓይኑ አይደለም፤ ሲነገር ሰምቶ ነው የጻፈው። ነገር ግን ሰውየውን በአካል ያገኘ፣ ብልህና መሠሪ መሆኑንም ያልሸሸገ ጸሐፊ ስለሆነ ወሬውን እንዲሁ አየር ላይ አልለቀቀውም።

ስለዚህ በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የአንድ እባብ አለመብላት የአንድን ጦር ጉዞ ሊያዘገይ ይችል ነበር። ይህን በአጉል እምነት ስም ብቻ ማለፍ ፋሲልንም ዘመኑንም አለማወቅ ይሆናል። ዙሪያው በጠላት የተከበበ አለቃ በማን ምክር እንደዘገየ መናገር ሁልጊዜ አይችልም። ከእባቡ የመጣ ምልክት ግን ማንንም አያስቀይምም፤ ፈሪ ብሎ የሚከራከርም አይኖርም። ልማዱ እምነት ብቻ ሳይሆን በጥድፊያ ላይ የተጣለ ልጓምም ሆኖ አገልግሎ ሊሆን ይችላል።

ልማዱን ከተፈጥሮ ዕውቀት ጋር ሲያስተያዩት ግን አንድ ትልቅ ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ወተትና ቅቤ የእባብ ምግብ አይደሉም። እባብ ሁሉ ሥጋ በል ነው፤ አይጥ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ወፍ፣ የወፍ እንቁላል፣ አንዳንዱም ሌላ እባብ ይበላል። ዘንዶ የሚውጠው ከዚህ የበለጠ ነው። እባብ ወተት ይወዳል፣ ሌሊት ገብቶ የላም ጡት ይጠባል የሚለው ነገር ከኢትዮጵያ ውጭም በብዙ አገሮች ይወራል፤ ሆኖም እባብ ጡት ለመጥባት የሚያስችል ከንፈር የለውም፣ ወደ ውስጥ የታጠፉት ሹል ጥርሶቹንም ላም አትታገሥም። ወተት ፊቱ ሲቀመጥ የሚጠጣ እባብ የተጠማ እባብ ነው። ውኃ ካላገኘ ማንኛውንም ፈሳሽ ሊቀምስ ይችላል። በዚህ መሠረት የአገው ቤቶች እባብ እምቢ ማለቱ ያልተጠበቀ ምልክት አልነበረም፤ በተፈጥሮው ሊሰጥ የሚገባው መልስ ነበር። ገዱ ቀንቷል የተባለበት ቀን ደግሞ ምናልባት እባቡ ውኃ የጠማው ቀን ነው።

ቅዝቃዜም አለበት። ግሽ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ፣ ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ነው። ሲበርደው አይዋጋም፣ አይሳብም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይበላም። የበላው እንዲፈጭለት ሙቀት ያስፈልገዋል፤ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ የገባ ሥጋ ሳይፈጭ ይበሰብሳል፣ ባለቤቱንም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በደጋ ቤት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ እባብ ምግብ ሲተው ራሱን እያዳነ ነው። እባቦቹ የሚሰወሩበትን ጊዜም ብርዱና ጭጋጉ ከሚበረታበት ወቅት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ እንዲህ ባለ ወቅት እባብ ከጉድጓዱ አይወጣም።

ለእባብ ምግብ ማቅረብ በኢትዮጵያ ትውፊት ውስጥ ሥሩ ከዚህም ይርቃል። በአክሱም ዙሪያ የሚነገረው የአርዌ ታሪክ፣ ከነገሥታቱ በፊት አገሪቱን የገዛ ዘንዶ ነበር፣ ሕዝቡም ልጃገረድ፣ ከብትና ወተት ይገብርለት ነበር ይላል። ዘንዶውን የገደለው ሰው መንገድም በምግቡ በኩል ነው፤ ፍየሉን በመርዝ አዘጋጅቶ አቀረበለትና ዘንዶው በልቶ ሞተ። በተከታታይ ክፍሎች የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በአርዌ ታሪክ ውስጥ አስፈሪው ነገር እባቡ መብላቱ ሲሆን፣ በግሽ ደግሞ አለመብላቱ ነበር። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የእባብ አፍ መከፈትና መዘጋት በሰው ዕጣ ላይ ሥልጣን አለው የሚለው እምነት ነው።

እባብ ሳይበላ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል በትክክል መመርመር የተጀመረው በቅርብ ነው። ስቲቨን ሴኮርና ጃሬድ ዳይመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእስያ ዘንዶዎችን ሲያጠኑ ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስደንቋል። ዘንዶ በጾሙ ወቅት አንጀቱን ያሳንሳል፤ የማይሠራበትን አካል በከንቱ አይቀልብም። ትልቅ ሥጋ በዋጠ በሁለት ቀን ውስጥ ግን አንጀቱ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ተመልሰው ያብጣሉ፤ የሰውነቱ የኃይል ፍጆታ ዕረፍት ላይ ከነበረበት እስከ 44 እጥፍ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ልቡ ሳይቀር በ40 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ማርሻል ማክዩ የተባለ ተመራማሪ የሦስት ዝርያ እባቦችን ለስድስት ወር ያህል ያለ ምግብ አቆይቶ ሲለካቸው፣ አንዳንዶቹ የሰውነታቸውን የኃይል ፍጆታ እስከ 72 በመቶ ቀንሰው አገኛቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንዳንዶቹ በርዝመት ማደጋቸውን እንኳ አላቆሙም ነበር።

ከዚህ በኋላ የእባብ አለመብላት በራሱ ሕመም ነው ማለት አይቻልም። ሰውን ወይም ላምን በሳምንታት የሚጨርስ ረሃብ ለእባብ የተለመደ የኑሮ ክፍል ነው። በተለይ እፉኝት አድብቶ የሚያድን ፍጥረት ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ቅጠል መስሎ ተኝቶ አይጥ በአፉ ፊት እስክታልፍ ድረስ ቀናትን ይጠብቃል። እየተዘዋወረ የሚያድን ቀጭን እባብ ቶሎ ይርበዋል፤ እፉኝት ግን መጠበቅን በሰውነቱ ውስጥ ይዞ ይወለዳል። ጥያቄው እንግዲህ መቼ ነው ጾሙ ከተፈጥሮ ወጥቶ ወደ ሞት የሚያመራው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በኢትዮጵያ እባብ ላይ በብርቱ ያስነሳው ደግሞ የቡናው ምድር ነው።

የደቡብ ምዕራቡ ምድር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በከፍታ እጅግ ይለያያል። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሚዛን ተፈሪ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከሚዛን ወደ ምዕራብ ሲወርዱ የበበቃ ሰፊ የቡና እርሻ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ በጉራፈርዳ በኩል ወደ ባሮና አኮቦ ቆላ ይወረዳል። ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ግን መሬቱ ይነሳል፤ ቦንጋ ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ማሻ 2,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል፤ በብዙ ቦታ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይደርሳል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ይበቅላሉ። ከጥላው በታች ያለው አየር እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደን የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው።

ይህ ምድር ለእባብ የተመቸ ነው። በወንዙና በረግረጉ ዳር እንቁራሪት ሞልቷል፤ በጎተራውና በበቆሎው ማሳ አይጥ አይጠፋም። በሰፊው የአፍሪካ ምድር የሚገኘው ተራ እፉኝት በቆላውና በወይና ደጋው አለ፤ የደን ኮብራም በኢትዮጵያ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ደቡብ ምዕራብ ነው። ሰውና እባብ የሚገናኙት በተለይ ሁለት ጊዜ ነው፤ ቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ በሚመነጠርበት ወቅትና ቀዩ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ። ለቃሚው እጁን ከቅርንጫፍ፣ ባዶ እግሩን ከወደቀው ቅጠል ላይ ያሳርፋል። በዚህ ቦታ የታየ እባብ ይገደላል። የተቀጠቀጠ እባብ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚጾም ማንም አይጠይቅም፤ ስለዚህም ምድሪቱ በእባብ የታወቀች ብትሆንም ስለ እባቦቿ ኑሮ የተጻፈው ለረጅም ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር።

የአውሮፓ የእንስሳት አጥኚዎች ወደዚህ በዋናነት የመጡት የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዘ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ከካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ በኋላ መንገዳቸው ሲለያይ ወደ ደቡብ ምዕራብ አመራ። እ.ኤ.አ. በ1901 በከፋ፣ ያኔ ጊሚራ ይባል በነበረው በቤንች አገር፣ በሸኮና በጉራፈርዳ አድርጎ ወደ ናይል ወረደ። ያለፈባቸው ቦታዎች ስም እስከ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች የእንስሳት መዝገብ ላይ ይነበባል። ኤርላንገር በወጣትነቱ ቢሞትም ስሙ በአንድ የኢትዮጵያ ቤት እባብ ላይ ቀርቷል፤ እባቡን እ.ኤ.አ. በ1908 በስሙ የሰየመው ሪቻርድ ሽተርንፌልድ ነው።

በዚያ ዘመን እባብ መሰብሰብ ማለት ገድሎ በአልኮል ማሰሮ ማስቀመጥ ነበር። በማሰሮ ውስጥ ያለ እባብ ቅርፊቱ ይቆጠራል፣ ርዝመቱ ይለካል፣ ሆዱ ቢቀደድ የመጨረሻ ምግቡ ሊገኝ ይችላል። የአኗኗሩ ጉዳይ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የተራራው እፉኝት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በቦን የአሌክሳንደር ኮኒግ ሙዚየም የተሳቢ እንስሳት አጥኚ የነበረው ቮልፍጋንግ በመ ለሳይንስ አዲስ የሆነ የኢትዮጵያ እፉኝት ይፋ አደረገ፤ ቢቲስ ፓርቪኦኩላ ብሎም ሰየመው። የተገኘበት ቦታ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የዶኪ ወንዝ ድልድይ ነው፤ ከያዩ ደን ብዙም አይርቅም። እፉኝቱ ወፍራም አካል፣ ሰፊ ራስ፣ ለራሱ ስፋት ትንንሽ የሆኑ ዓይኖች አሉት። በጥቁር መደብ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ያዘለው ጥለቱ ለብቻው ሲታይ እጅግ ደማቅ ነው፤ በረገፈ ቅጠልና በቅርንጫፍ ጥላ መካከል ግን ዓይን ያሳስታል። መኖሪያው ከ1,700 ሜትር በላይ ያለው የደቡብ ምዕራብ ደጋ ደንና የደን ዳርቻ ነው። ይህን የሚያህል ትልቅና ያማረ እፉኝት እስከዚያ ዘመን ሳይታወቅ መቆየቱ አካባቢው ምን ያህል ሳይጠና እንደቀረ ያመለክታል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሙዚየሞች የነበሩት ናሙናዎች በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ።

ስለ ኢትዮጵያ ተሳቢ እንስሳት የተሟላ መጽሐፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማልኮም ላርገን ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶችና ተሳቢዎች በአንድ ትልቅ ጥራዝ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ በባሌ የሐረና ደን ስም የተጠራ ሁለተኛ ትልቅ የተራራ እፉኝት አሳወቁ። ቀደም ሲል ከደቡብ ምዕራቡ ጋር አንድ ተደርጎ ይቆጠር የነበረ ነው። ስምጥ ሸለቆው ሁለቱን ደኖች እንደለየ ሁሉ እፉኝቶቹንም ለይቷቸዋል ማለት ነው።

የመብላትና ያለመብላት ጉዳይ የተነሳው ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ሕያዋን የተራራ እፉኝቶች በአውሮፓና በአሜሪካ በእንስሳት ማቆያዎችና በግል እባብ አርቢዎች እጅ መግባት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሕያው ሆኖ ያላሳደገው እንስሳ ስለሆነ የሚከተሉት ልምድ አልነበረም። ከደን የተያዘ እፉኝት በጆንያ ወይም በሣጥን ታስሮ በረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ሰው ሲይዘው፣ ሲያገላብጠው፣ ሲያሳየው ይሰነብታል፤ ውኃ ሳያገኝ ይከርማል፤ ከዱር ይዞት የመጣው የአንጀት ትል ደግሞ ሰውነቱ ሲደክም ይበረታበታል። እንዲህ ያለ እባብ አዲሱ ቤቱ ሲገባ አፉን ቢለጉም የሚያስገርም ነገር የለውም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሙቀት ነው። የአፍሪካ እፉኝት ሲባል ለአርቢው ትዝ የሚለው የሜዳው ተራ እፉኝት ወይም የቆላ ደኑ የጋቦን እፉኝት ነው፤ እነዚህ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሞቅ ጥግ ይመቻቸዋል። የዶኪ ወንዝ እፉኝት የመጣው ግን ጠዋት ጭጋግ ከሚውጠው፣ ቀትር ላይ እንኳ ጥላ ከማይለየው ደን ነው። በቆላ ሕግ የተያዘ የደጋ እባብ ይጨነቃል፤ ይንጎራደዳል ወይም ውኃ ዕቃው ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል፤ ምግብ አይነካም። በግሽ ቤቶች እባቡ የሚጾመው ብርድ ሲበዛበት ከሆነ፣ የተራራው እፉኝት ደግሞ በባዕድ አገር ሙቀት ሲበዛበት ይጾማል። በሁለቱም ቦታ እባቡ ሲናገር የነበረው ነገር አንድ ነው፤ ሰውነቱ ከለመደው የሙቀት ልክ መውጣቱን።

ስለዚህ የማይበላ እባብ ሲያጋጥማቸው ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች ከምግቡ በፊት ቤቱን ይመረምራሉ። የሙቀት መለኪያ በአንድ ጥግ ሳይሆን በሁለቱም ዳር ይቀመጣል፤ እባቡ ራሱ መርጦ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው የሚሄድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። መደበቂያ ካላገኘ እባብ አይረጋጋም፤ ገላው ከሁሉም በኩል የሚነካ ጠባብ ጉድጓድ ወይም የቅጠል ክምር ይፈልጋል። አዲስ የመጣ እባብ ቢያንስ ለሳምንት ያህል ሳይነካና ምግብ ሳይቀርብለት ይተዋል። ንጹሕ ውኃ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አይጠፋም፤ ከረሃብ ቀድሞ የሚገድለው ጥማት ነውና።

ቀጥሎ የሚታየው ወቅቱ ነው። እባብ ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ማየትም ስለሚቸግረው አይበላም፤ ቆዳውን ከጣለ በኋላ ራሱ ይጠይቃል። ወንዱ በስሪያ ወቅት ሴት ፍለጋ ላይ ስለሆነ ምግብን ይረሳል። የተራራው እፉኝት እንደ ዘመዶቹ ሁሉ እንቁላል ሳይጥል ልጆቹን ወልዶ የሚያወጣ ነው፤ ነፍሰ ጡሯም ሆዷ ሲሞላ ለረጅም ጊዜ መብላት ልታቆም ትችላለች። ይህን ያላወቀ ጠባቂ ጤነኛ እናት ላይ መድኃኒት ይጀምራል።

ምግቡ ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል። በዱር ያደገ እባብ የገዛ አገሩን አይጥ ሽታ ነው የሚያውቀው፤ ከቤተ ሙከራ የመጣች ነጭ አይጥ ለእርሱ ምግብ አትሸትም። አዲስ የተወለዱት ደግሞ አንዳንዶቹ እንቁራሪት ወይም እንሽላሊት ካልሸተታቸው አፋቸውን አይከፍቱም። ጠባቂዎች አይጧን በእንቁራሪት እርጥበት አሽተው፣ ሞቅ አድርገው፣ በጨለማ በረጅም ወረንጦ ያቀርባሉ፤ እባቡ ካልወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ከመጨቅጨቅ ይልቅ አንስተው ከሳምንት በላይ ይጠብቃሉ። አይጧ አስቀድማ የሞተች ብትሆን ይመረጣል። በሕይወት ያለች አይጥ ከማይበላ እባብ ጋር ስታድር እባቡን ነክሳ ልታቆስለው ትችላለችና።

መለኪያው ሚዛን ነው። በየጊዜው ተመዝኖ ክብደቱ ብዙም ያልወረደ እባብ ወራት ቢጾምም አያስፈራም። ጀርባው ላይ አጥንቱ መሾል፣ ቆዳው መጨማደድ፣ አፉ ዙሪያ ምራቅ ወይም መግል መታየት፣ ትንፋሹ ድምፅ ማውጣት ከጀመረ ግን ጾሙ ወደ በሽታ ተሻግሯልና ለእንስሳት ሐኪም ይታያል። በግድ ማጉረስ የመጨረሻው መንገድ ነው፤ የጉሮሮን ሥጋ ይቀዳል፣ የተጨነቀውን እባብ ይበልጥ ያስጨንቃል፣ የጎረሰውንም ብዙ ጊዜ ይተፋዋል። መርዛም በሆነ እፉኝት ላይ ሲሆን ደግሞ ለአጉራሹም ሞት የቀረበበት ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ማኖርና ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን ደንግጓል። እፉኝቱ የሚኖርበት ደንም በከፊል ዓለም አቀፍ ዕውቅና አለው። የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን በ2012፣ የማጃንግ ደን በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። ዕውቅናው ግን ምንጣሮውን በራሱ አያቆምም። ትልልቆቹ ዛፎች ሲወድቁ ከሥራቸው ያለው ቅዝቃዜና እርጥበት አብሮ ይጠፋል። በሣጥን ውስጥ ሙቀት የበዛበት እፉኝት መብላት እንደሚያቆም ከታወቀ፣ ጥላው በተገፈፈ ደን ውስጥ የቀረው ምን እንደሚያገኘው መገመት አይከብድም።

የእባብ አመጋገብ ለሚዛን፣ ለቴፒና ለአካባቢያቸው ሕዝብ በሌላም በኩል የሕይወት ጉዳይ ነው። በእባብ የተነደፈ ሰው የሚድንበት የመርዝ ማርከሻ የሚሠራው በሕይወት ከተያዙ እባቦች ከሚታለብ መርዝ ነው። መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይወጋል፤ የፈረሱ ደም የሚያዘጋጀው መከላከያ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል። የሥራው መጀመሪያ እንግዲህ በሣጥን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የሚበላ እባብ ነው፤ መብላት ያቆመ እባብ እስኪያገግም ድረስ መታለብ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች መካከል አስገብቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱንና የአካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ ያወጣው ችግሩ በዋናነት የሚጎዳው እንደ ቡና ለቃሚው ያለ፣ ከጤና ጣቢያ ርቆ በማሳ ላይ የሚውለውን ገበሬ በመሆኑ ነው።

ለአፍሪካ ከሚሠሩት ማርከሻዎች በስፋት የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካው በአሥር ዓይነት እባቦች መርዝ የተዘጋጀ ነው። ከአሥሩ መካከል በደቡብ ምዕራቡ የሚገኙት ተራው እፉኝትና የደን ኮብራው አሉበት። የዶኪ ወንዝ እፉኝት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።